ሽቅብ የታየ ገደል

በጅቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ ባሕሩን ተንተርሶ የሚገኘው ነባር ሰፈር በፈረንሳይኛ «ፕላቶ ዱ ሰርፓን» ይባላል። ስሙ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእባብ አምባ» ይሆናል። ትርጉሙ እንከን የሚወጣለት አይደለም፤ ነገር ግን አማርኛ አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ቦታ ጅቡቲ ሳይሆን ደብረ ዳሞ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ መውጫ ከሌለው አምባ ግርጌ ደርሰው በቆሙ ጊዜ ታላቅ ዘንዶ ጅራቱን አውርዶላቸው፣ እሱን ይዘው ወጥተዋል። የጅቡቲው «አምባ» ግን የኮራል ድንጋይ ሰገነት ነው። ከባሕሩ ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል ማንም ሰው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ይወጣዋል። የፈረንሳይኛው «ፕላቶ» የመሬቱን ጠፍጣፋነት ይናገራል፤ የአማርኛው «አምባ» ዙሪያውን የከበበውን ገደል ይናገራል። አንዱ ቃል የቆሙበትን ሜዳ፣ ሌላው የወጡበትን ግድግዳ ያያል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢመስልም፣ ስለ ዓለት መውጣት የሚጻፉ መጻሕፍትን ለመመዘን የሚያገለግል መለኪያ አለበት። ስለ ገደል የሚጽፍ ሰው ምንም ከማለቱ በፊት የት ቆሞ እንደሚያይ መታወቅ አለበትና። ከዚህ አንጻር በድጋሚ ሊነበብ የሚገባው ሥራ አሜሪካዊቷ ዓለት ወጪና ጸሐፊ ማይካ በርክሃርት ያዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባው ሻማ ቡክስ የታተመው «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» ነው። የመጽሐፉ ፎቶግራፎች የጌብ ሮጌል ናቸው። በንዑስ ርእሱ ደራሲዋ ጉዞዋን በአፍሪካ ቀንድ ሊሆን ወደሚችለው ነገር የሚደረግ መውጣት አድርጋ ታቀርበዋለች። ይሁን እንጂ ትረካው የሚያተኩረው በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ላይ ነው። «የአፍሪካ ቀንድ» የሚለውን አይቶ በፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰገነት ላይ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው፣ ከከተማው ጀርባ የሚታዩትን ጥቁር ተራሮች በውስጡ አያገኛቸውም።

ርእሱና አማርኛው

የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ይመለስ ቢባል የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገጥመው ገና ከሽፋኑ ነው። «ቀጥ ያለች ኢትዮጵያ» ቢባል አንባቢው ሁለት ነገር ይሰማል፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር፣ ሁለተኛው ሲሄድ ቆይቶ በድንገት የቆመ ነገር። መኪና መንገድ ላይ «ቀጥ አለ» ሲባል ተበላሽቶ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ስለሚቻለው ነገር የሚናገር መጽሐፍ፣ ስለ ቆመች አገር የሚናገር መስሎ ሊወጣ ነው። «ሽቅብ የታየች ኢትዮጵያ» ቢባል ግን ሐሳቡ ይድናል፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ የድንጋዩ ቅርጽ ሳይሆን የዓይኑ አቅጣጫ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ደገኛ ገደልን ከላይ ወደ ታች ሲያይ የኖረ ነው። ቋንቋው ይህን ይመሰክራል። «ገደል ገባ» ይባላል እንጂ «ገደል ወጣ» የተለመደ አነጋገር አይደለም። ገደል የሚወድቁበት፣ ከብት የሚያልቅበት፣ ድምፅ ተመልሶ የሚሰማበት ነው። ዳገትና አቀበት እንኳ በእግር ለሚሄዱበት መንገድ የተሰጡ ስሞች ናቸው። የታሪክ ትዝታውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። አምባ ግሼን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር፤ መቅደላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽጋቸው ያደረጉት አምባ ነው። በሁለቱም ቦታ ገደሉ ከላይ ላለው ሰው አጥር፣ ከታች ላለው ሰው እንቢታ ነው። ለደስታ ሲል ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ የሚወጣ ሰው በዚህ ትዝታ ውስጥ ቦታ የለውም።

የበርክሃርት መጽሐፍ የሠራው ትልቁ ሥራ የአንባቢውን አንገት ወደ ላይ ማዞሩ ነው። በሮጌል ፎቶግራፎች ውስጥ የገርዓልታ ቀያይ ዓምዶች የቤተ ክርስቲያን መሠረት ወይም የመልክዓ ምድር ጌጥ ብቻ አይደሉም። ስንጥቃቸው፣ ከንፈራቸው፣ ጥላቸውና የሚፈርሰው ገጻቸው አንድ በአንድ ይታያል። አገሩን ሺህ ጊዜ በመኪና መስኮት ያለፈበት ሰው እንኳ እንደ አዲስ ያየዋል። ለብዙ ዘመን በውጭው ዓለም የዜና ማሠራጫዎች በድርቅና በረሀብ ምስል ብቻ ለታወቀ አካባቢ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። መጽሐፉ አዲስ አበባ ላይ መታተሙም ተጨማሪ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም አገሪቱን ለውጭ አንባቢ ብቻ የሚያሳይ ሥራ ሆኖ አልቀረም።

የአሸዋ ድንጋይ ትምህርት

ድንጋዩ ራሱ የመጽሐፉ ሁለተኛ ገጸ ባሕርይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሥነ ምድር ሊቃውንት ከትግራይ የአሸዋ ድንጋዮች አንዱን በአዲግራት ከተማ ስም ይጠሩታል። አሸዋ ድንጋይ ከጥንታዊ አሸዋ ተጠቅጥቆና ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ ጥንካሬው ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ክንድ ላይ እንደ ብረት የጸና፣ ቀጥሎ ባለው ክንድ ላይ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሱን ይደክማል። በዓለም ዙሪያ አሸዋ ድንጋይ የሚወጡ ሰዎች ዝናብ ከጣለ በኋላ ድንጋዩ እስኪደርቅ መታገሥን እንደ ሕግ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ዓይነቱ ገደል ላይ የጀግንነት መለኪያው ጉልበት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፤ የያዙትን ሁሉ መጠርጠር።

ከበርክሃርት ጋር የወጡት ሌሎች ሦስት ሴቶች ነበሩ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። በዚያው አካባቢ በገመድ በመውጣት ከሁሉ በላይ ስሙ የታወቀው ሥፍራ ደብረ ዳሞ ለሴቶች የተዘጋ ነው። አራት ሴቶች ገመድ ታጥቀው በዚያ አገር ገደል ላይ ሲንጠለጠሉ የሚያሳየው ምስል ከደብረ ዳሞ አጠገብ ሲቀመጥ አንባቢውን ያስባል። ጥያቄው ገዳሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገመድና ገደል በአንድ ምድር ላይ ሁለት ፍጹም የተለያየ ትርጉም ሊይዙ መቻላቸውን ለመገንዘብ ነው። ለመነኩሴው መውጣት ከዓለም መለየት ነው፤ ለዓለት ወጪዋ ዓለምን ማግኘት ነው።

«የመጀመሪያ» ማነው?

የመጽሐፉ ድካም የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። ድካሙ የደራሲዋ ብቻ ሳይሆን የዘርፉ ሁሉ ነው። የዓለት ወጪዎች ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ቃል «የመጀመሪያ» የሚለው ነው፤ አንድን መስመር ቀድሞ የወጣ ሰው ስም ይሰጠዋል፣ የክብደት ደረጃ ያወጣለታል፣ በጽሑፍ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ «መውጫ ቦታ» ይሆናል። ከዚያ በፊት ምን ነበር? እንደ ዘርፉ ቋንቋ ከሆነ ምንም አልነበረም።

በገርዓልታ ይህ ቋንቋ ይሰናከላል። ወደ አቡነ የማታ ጎሕ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ በዘመናት ብዛት የተቦረቦሩትን የእጅና የእግር መያዣዎች እየዳበሰ ግድግዳውን ይወጣል፤ ከዚያም ከበታቹ ጥልቅ ገደል ባለው ጠባብ ጠርዝ ላይ አልፎ ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ካህናቱ ይህን መንገድ ለአገልግሎት ይመላለሱበታል፤ ሕፃናት ለጥምቀት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይወጡበታል። እነዚህ ሰዎች መታጠቂያና ገመድ የላቸውም፣ መስመሩን በቁጥር አልመዘኑትም። የሚያደርጉት ነገር ግን በየትኛውም ሚዛን ዓለት መውጣት ነው። መጽሐፉ በመጪዋ ዓይን የተጻፈ የጉዞ ትረካ በመሆኑ የአገሩ ሰው በብዛት የሚታየው እንደ አስተናጋጅ፣ እንደ መንገድ መሪና እንደ ተመልካች ነው። በሙያው እኩያ ሆኖ፣ ስለ መያዣና ስለ ሚዛን እንደሚያውቅ ሰው የሚናገርበት ቦታ ጠባብ ነው። አንባቢው ካህኑ የቀኝ እግሩን ለምን አስቀድሞ እንደሚያስቀምጥ ቢነገረው ኖሮ ከአሥር የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶግራፎች የበለጠ በተማረ ነበር።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከቀይ ባሕር ማዶ አለ። እንግሊዛዊው ቶኒ ሃዋርድና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 በደቡብ ዮርዳኖስ በረሃ ወደሚገኘው ዋዲ ሩም በሄዱ ጊዜ ያገኙት ባዶ ገደል አልነበረም። የአካባቢው በደዊኖች ዋልያ መሰል የበረሃ ፍየል ሲያድኑ ለብዙ ትውልድ የወጡባቸውን መንገዶች አገኙ። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የመምሪያ መጽሐፍ እነዚህን መንገዶች የበደዊኖች መስመሮች ብሎ መዘገባቸው። አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ በወጪዎቻቸው ስም ይጠራሉ። ውጤቱ ከወግ ያለፈ ነበር፤ አዳኙ የመንገድ መሪ ሆነ፣ ዕውቀቱም እንጀራው ሆነ። አንድ መጽሐፍ «ከእኔ በፊት ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ከሥነ ምግባር በተጨማሪ ትክክለኛነትን ያገኛል። መንገዱን የሚያውቀው ሰው ድንጋዩ የት እንደሚረግፍም ያውቃልና።

ከእባብ አምባ ጀርባ

ይህ ሚዛን ወደ ጅቡቲ ሲመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠናል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ የተቆረቆረችባቸው የኮራል ሰገነቶች፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንን ጨምሮ፣ ውኃ ገብ በሆነ ዝቅተኛ መሬት የተለያዩ ነበሩ፤ ቦታው በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ ነው የተያያዙት። ኮራሉ ለቤት ግንባታ አገልግሏል፤ ለወጪ ግን ስለታም፣ ባለቀዳዳና ዝቅተኛ ነው። እጅ የሚፈትን ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ከከተማው መውጣት አለበት። በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የአርታ ከፍታዎች አሉ። ከዚያም አልፎ የጉቤት ሰርጥ ገደሎች፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶም የዳይ ጫካ ያለበት የጎዳ ተራራ ይገኛል።

ድንጋዩ በአብዛኛው ባዛልት ነው። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የባዛልት ገደል ለእጅ የሚመች ስንጥቅ ይሰጣል፣ በዚያው መጠን ግን ተነቅሎ የሚወድቅ ብሎኬትም ይሰጣል። የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የተፋው ድንጋይ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት አልሞላውም፤ ጠርዙም እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው። ጥቁር ድንጋይ ሙቀት ይጠጣል። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ወቅት፣ በተለይ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ ገደሉ ከረፋድ በኋላ የሚነካ አይደለም። ለወጪ የሚሆነው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው።

ፈረንሳዮች «ብሎክ» የሚሉት፣ ያለገመድ በአጫጭር ቋጥኞች ላይ የሚደረገው ወጪ በፓሪስ አቅራቢያ ባለው በፎንቴንብሎ ጫካ የዳበረ ነው። እዚያ ከቋጥኙ በታች ለስላሳ አሸዋ አለ። እዚህ ቋጥኝ በብዛት የሚገኘው በደረቅ ወንዞች አልጋ ውስጥ ነው። ደረቅ ወንዝ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት እንኳ ከሩቅ ተራራ በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ሰው አልቋል። የፎንቴንብሎን መምሪያ እንዳለ ገልብጦ ጅቡቲ ላይ ማዋል፣ ቃሉን ተርጉሞ አሸዋውን መርሳት ይሆናል።

ይህን ገደል ቀድሞ ያየው ማነው? አንደኛው ወታደር ነው። በአርታ የባሕር ዳርቻ የፈረንሳይ ጦር የበረሃ ውጊያ ማሠልጠኛ ስለነበረው፣ ገደሉ ለዓመታት ኬብል ተዘርግቶበት የድፍረት መፈተኛ ሆኗል። ሁለተኛው የፊልም ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የዝንጀሮዎች ፕላኔት ፊልም በአቤ ሐይቅ ተቀርጿል የሚለው አፈ ታሪክ በጉዞ ጽሑፎች ሲደጋገም ኖሯል። ፊልሙ የተቀረጸው በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ በዩታና በካሊፎርኒያ ነው። የአቤ ሐይቅ የኖራ ድንጋይ ማማዎች፣ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱት፣ ሐይቁ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን በፍል ውኃ ከውኃ በታች የተገነቡ ናቸው፤ አዋሽ ወንዝም ጉዞውን የሚጨርሰው በዚያው ሐይቅ ነው። ይህ እውነት ከሆሊውድ ወሬ ያነሰ ይመስል ለድንጋዩ የተዋሰ ክብር ተፈልጎለታል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የቀደመው፣ የአፋርና የሶማሌ እረኛ ነው። እሱ ገደልን እንደ ደገኛው ከላይ፣ እንደ ዓለት ወጪው ከታች ብቻ አያይም። ጥላው በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚውል፣ ውኃ በየትኛው ጎድጓዳ እንደሚቋጥር፣ ፍየል በየት እንደሚያልፍ ያያል። ከእሱም በፊት በሰሜን ጅቡቲ በአቡርማ ጥቁር ባዛልት ላይ ቀጭኔ፣ ሰጎንና ከብት የቀረጹ እጆች ነበሩ። ዓለት ወጪ መያዣውን ለማጽዳት የሚጠቀምበት የሽቦ ብሩሽ በአንድ ቀትር ውስጥ የሺህ ዓመታት ጽሕፈት ሊፍቅ ይችላል። ስለ ጅቡቲ ድንጋዮች የሚጽፍ ሰው ከደረጃ ሰንጠረዡ በፊት የማይወጡትን ድንጋዮች ዝርዝር ማስቀደም ያለበት ለዚህ ነው። የአቤ ማማዎችና የአቡርማ ግድግዳዎች በዚያ ዝርዝር ራስ ላይ ይውላሉ።

መወጣጫውን ማንሣት

በዓለት ወጪዎች ዘንድ ለአሥርተ ዓመታት ያልበረደ ክርክር አለ። ድንጋይን በመሰርሰሪያ በስቶ ብሎን መቅበር ይገባል ወይስ አይገባም? ብሎን ሕይወት ያድናል፤ ግን አይነቀልም፣ ቢነቀልም ጠባሳው አይጠፋም። በተለይ በአሸዋ ድንጋይ ላይ ብሎኑ ራሱ የማይታመን ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል።

የደብረ ዳሞ ትውፊት ግን ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። ዐፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ዕቃ የሚጓጓዝበት መወጣጫ አሠርተው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አቡነ አረጋዊ መወጣጫው እንዲፈርስ አዘዙ፣ የቦታውም ስም ከዚያ «አፍርሰው» ከሚል ትእዛዝ የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ ወንድ ምእመን 15 ሜትር ያህል ግድግዳ የሚወጣው መነኮሳቱ ከላይ በሚያወርዱት የጠፍር ገመድ ነው፤ ገመዱም ተመልሶ ይሳባል። እንግዲህ በዚህ ምድር ድንጋዩን እንደነበረ የመተው ሥርዓት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። «ቨርቲካል ኢትዮጵያ»ን የመሰለ መጽሐፍ ይህን ትውፊት እንደ መልካም ተረት ሳይሆን እንደ ቀዳሚ የሙያ ሕግ ቢይዘው ኖሮ፣ የንዑስ ርእሱ «የሚቻለው» የሚለው ቃል ድንበሩን ባገኘ ነበር። የሚቻለውን ሁሉ አለማድረግም ከሚቻሉት አንዱ ነውና።

ለደራሲዋ ፍትሕ መስጠት ተገቢ ነው። በርክሃርት ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ባለችበት አልቆመችም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሞዛምቢክ ናሙሊ ተራራ ባደረገችው ጉዞ ዓለት ወጪዎችን ከሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ጋር አሰለፈች፤ ገመዱ የገደሉን ፍጥረታት ለማጥናት አገለገለ። ከዚያም ሥራዋ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ወደሚደረግ የጥበቃ ተግባር ዞረ። «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የጎደለው ነገር ለጸሐፊዋ የተሰወረ እንዳልነበረ ይህ ይመሰክራል።

መጽሐፉም ራሱ ዛሬ እንደ 2008 አይነበብም። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በተካሄደው ጦርነት ትግራይ ታላቅ እልቂት አይታለች፤ ደብረ ዳሞም ጉዳት እንደ ደረሰበት ተዘግቧል። ለወጪ ደስታ የተነሡት ፎቶግራፎች ሳይታሰብ የአንድ ሰላማዊ ዘመን ማስረጃ ሆነዋል። በዳር የቆሙት የአገሩ ሰዎች ፊት አሁን ከመሐል ካለው ዓለት ወጪ ይልቅ ዓይን ይስባል። አንባቢው «ይህች ልጅ ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉን በሚገባ የሚተረጉም ሰው ቢነሣ የመጀመሪያ ሥራው እንግሊዝኛውን ማገላበጥ ሳይሆን፣ ወደ ገርዓልታ ሄዶ ያንን ስም መጠየቅ ይሆናል።

በፕላቶ ዱ ሰርፓን ለሚኖርና በኅዳር ነፋስ ወደ አርታ ለመውጣት ገመዱን ለሚያዘጋጅ ወጣት፣ መጽሐፉ አሁንም ይጠቅማል። ሽቅብ ማየትን ያስተምረዋል። ቀሪውን ትምህርት፣ ማለትም ጥላው የት እንደሚውልና ጎርፉ በየት እንደሚመጣ፣ መንገድ ዳር ፍየል ከሚጠብቀው ሰው ይጠይቅ። ከመጠየቁ በፊት ግን ሰላምታ ይቅደም፤ ድንጋዩ ባለቤት አለው።